ወንድሜን ልናመጣ ሄደን

ወንድሜ ስንደውልለት ካሜራ መክፈት ያቆመው ሕንድ አገር በሄደ በሦስተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ «ካሜራው ተበላሽቷል» አለ። ቀጥሎ «ኔትወርኩ አይችልም» አለ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መደርደሩንም ተወው። ስልኩ ላይ የምናየው የራሳችንን ፊት ብቻ ሆነ፦ የእማዬ ግንባር፣ ከኋላዋ እኔ፣ ከእኔ ኋላ አንገቱን ያሰገገ አባዬ። እማዬ ስልክ ስትይዝ ሁልጊዜ ግንባሯን ነው የምታሳየው። ድሮ «እማ፣ ዝቅ አድርጊው እንጂ፣ ፊትሽን ልየው» ይላት ነበር። ያንንም ተወ።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብሎካችን ለትምህርት ውጭ አገር የሄደ የመጀመሪያው ልጅ ወንድሜ ነው። የሄደ ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማይክ ይዘው ንግግር አድርገው፣ ማን እንደሆነ እስካሁን ያልታወቀ ሰው ርችት ተኩሶ ሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ አንሶላ አቃጥሎ ነበር። ገና አንድ ቀን ሳይማር «ኢንጂነሩ» አሉት። ውሃ የመጣ ቀን እማዬ ጀሪካኗን ይዛ ስትወርድ «የኢንጂነሩ እናት መጣች፣ አሳልፏት!» እያሉ ያሾፋሉ። እሷም እያፈረች፣ ደግሞ ደስ እያላት፣ ቀድማ ትቀዳለች።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ እዚያው ከወንድሜ ጋር የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ለአባዬ ደወለ። «አሳበቀ እንዳይሉኝ ጋሼ» አለው፣ «ግን ትምህርት ካቆመ ሁለት ሴሚስተር ሆነው። ከክፍሉም አይወጣም። ሰው ቢመጣለት ጥሩ ነው።»

አባዬ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ስለሚጮህ ነው መሰለኝ ቤት ሲገባ ብዙ አያወራም። ያን ቀን ስልኩን ዘግቶ ጫማውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው፣ እንደገና አወለቀው። ከዚያ ነገረን።

እማዬ አላለቀሰችም። «ልጄን አመጣዋለሁ» አለች፣ ልክ ከአቃቂ ገበያ ሽንኩርት ገዝቼ እመጣለሁ እንደምትለው።

ሁለት ሰው እንዲሄድ ተወሰነ። እማዬ እናት ስለሆነች፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ስለምሞክር። ለሁለታችን የደርሶ መልስ ትኬት ተቆረጠልን። የወንድሜን የመመለሻ ትኬት አባዬ «እሺ ያለ ቀን ደውሉልኝ፣ በዚያው ደቂቃ እቆርጣለሁ» ብሎ ያዘው። ስለዚህ ጉዞው በሙሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ላይ ነበር። ወንድሜ «እሺ» ይላል ወይስ አይልም?

የቪዛውን ፎርም በስልኬ የሞላሁት እኔ ነኝ። «የጉዞው ዓላማ» የሚለው ጋ ስደርስ እማዬ «የጠፋ ልጄን ልመልስ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እንደዚያ የሚል ምርጫ የለውም። ጉብኝት ልበለው።»

«ጉብኝት? ምን ልጎበኝ ነው እኔ? ዝሆን?»

«ሌላው ንግድ ነው። ንግድ ልበል?»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ጉብኝት በይው። ልጅን መጠየቅም ጉብኝት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አለች።

ከጎናችን ያሉት ጎረቤታችን ወሎዬ ናቸው፤ ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። እማዬ ለሰው አትናገሩ ብላን ስታበቃ እሳቸው ጋ ሄዳ ራሷ ነገረቻቸው። አንድ ፌስታል ቴምር ይዘው መጡ። «አብሽሪ እህቴ» አሏት፣ «እኛም ዱዓ እናደርጋለን። ልጁ እንደሆነ የጋራ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ደግሞ እናትሽን መንገድ ላይ እንዳትጨቀጭቂያት» አሉኝ። ከየት እንደሚያውቁኝ!

የንስሐ አባታችን ጸበል ሰጡን። ሁለት ሊትር በሚይዝ የውሃ ፕላስቲክ ሞልተው፣ ክዳኑን በላስቲክ አሥረው። «ሰባት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆዱ» አሉ። «ግድ አትበሉት ብቻ። ጸበልን በግድ የጠጣ ሰው ውሃ ነው የጠጣው።»

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። እማዬ በሕይወቷ አንድም ቀን ከፍልሰታ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም፤ እኔን የወለደች ዓመት እንኳን ቤት ሆና በሬዲዮ ተከታትላለች ይላሉ። አሁን ያንን ትታ መሄዷ ነው። ስለዚህ ጸበሉ ለእሷ ጸበል ብቻ አልነበረም፤ የቀረባት ቤተክርስቲያን በሙሉ እዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነበር የሚመስላት። ሻንጣ ስናስተካክል «ወደ ታች የሚሄደው ሻንጣ ውስጥ እንክተተው፣ በእጅ አያሳልፉም» አልኳት።

«ከጫማ ጋር?» አለች።

«በፎጣ እንጠቀልለዋለን።»

«ከጫማና ከውስጥ ልብስ ጋር ጸበል! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም።»

«እማዬ፣ ይጥሉታል።»

«ጸበል መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

ክርስቲያን ነበረች። የመጨረሻው ፍተሻ ላይ ያቆመችን ልጅ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፣ ከማተቧ በታች የሥራ ባጅዋ ተንጠልጥሏል። እማዬ ማተቡን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰላት። ልጅቷ ግን ፕላስቲኩን በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን ይዛ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «እማማ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን አይቻልም። እዚህ ካሳለፍኩት ሥራዬን ነው የማጣው።»

«ታዲያ የት ልትጥይው ነው?»

ልጅቷ ወደ ትልቁ የቆሻሻ በርሜል አየች። እማዬም አየች። ከዚያ እማዬ ላስቲኩን ፈትታ እዚያው ቆማ መጠጣት ጀመረች። ፍልሰታ ስለሆነ ቁርስ አልቀመሰችም፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ግን ሁለት ሊትር ነው። ግማሹን ሳታደርስ ትንፋሽ አጠራት። ከኋላችን የተሰለፈ፣ የዐረብ አገር ሠራተኛ የሚመስል ጎረምሳ እጁን አጣምሮ ዘረጋ። «እማማ፣ ለእኔም ያድርጉልኝ። መንገዱ ከባድ ነው።»

«ቀምሰሃል?»

«ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«እንግዲያው ፊትህን ተቀባ» ብላ አፈሰሰችለት። ከእሱ ኋላ ሦስት ልጃገረዶች መጡ፣ አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አጎነበሱ። ፈታሿ ልጅ ግራ ቀኝ አየችና እሷም እጇን ዘረጋች። ወለሉ ራሰ። ከወዲያ በኩል አንድ ነጭ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ሲል ሽማግሌው ገሠጹት። ባዶውን ፕላስቲክ እኔ በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት፤ እማዬ እጇ እንቢ ስላላት።

አውሮፕላን ውስጥ ስንቀመጥ ልቀልድ ብዬ «ለወንድምዬ የያዝነውን የዐረብ አገር መንገደኛ ተቀባው» አልኳት። አልሳቀችም። «የእሱ ድርሻ ነበር» አለች፣ «እኔ ነኝ ያከፋፈልኩት።»

ባንጋሎር ኤርፖርት ቆሞ ጠበቀን። እንደ ትልቅ ሰው ነው የሳመን፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ግራ ቀኝ። ፀጉሩ ረዝሞ ትከሻው ጋ ደርሷል። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ለእኛ ብሎ እንደገዛው ከመታጠፊያው መስመር አወቅኩ። «እማ፣ ወፈርሽ እኮ» አላት፣ እሷ ደግሞ ከስታ ከስታ ቀሚሷ የሰው መስሎ ነበር። እማዬ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አይደለም፤ አንገቱን ነው። ማተብ የለም። የክርስትናው ቀን ያሠረችለት፣ ሲበጠስ ሲበጠስ እየቀጠለች ሃያ ዓመት ያቆየችው ክር የለም። መኪና ውስጥ እጄን ይዛ ጨመቀችው፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ።

ቤቱ በር ላይ ባጃጆች ተደርድረው ስታይ «ውይ፣ አቃቂ የገባን መሰለኝ!» አለች። ቀለማቸው ነው እንጂ የተለየው ያው ናቸው፤ ሹፌሮቹም እንደኛዎቹ ለአጭር መንገድ ይኮሳተራሉ። ወንድሜ ያኔ ትንሽ ሳቀ። ያንን ሳቁን ለብዙ ቀን ስንቅ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ምክንያቱም ሌላ አልመጣም።

ክፍሉ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት ናት። መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። እማዬ በሁለተኛው ቀን ጋዜጣውን ልጣ መስታወቱን ወለወለች። በሦስተኛው ቀን ስንነሳ እንደገና ተለጥፏል። ያመጣነውን ሽሮ ሠራች፣ ድርቆሹን አራሰች፤ ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ቆንጆ ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። እንደ እንግዳ ነው ያስተናገደን። «ሻይ ልጨምርላችሁ?» ይላል። «ሙቀቱ አልከበዳችሁም?» ይላል። ቢቆጣን፣ ቢጮህብን፣ «ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» ቢለን ደስ ይለኝ ነበር። ደግ ሆኖ ጠፋብን።

በስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ እማዬ ፍራሹ ጠርዝ ተቀምጣ ጀመረች።

«ና እንሂድ ልጄ።»

«ወዴት እማ?»

«ቤትህ ነዋ! ኢንጂነርነቱ ይቅርብኝ። አንተ ብቻ ና።»

«ምን ይዤ ልምጣ? ኮሚቴው እኮ በማይክ ነው የሸኘኝ።»

«ኮሚቴው የታባቱ! ደግሞ አሁን ሰብሳቢው ተቀይረዋል።»

እኔ ፈነዳሁ፤ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እሱ ግን አልሳቀም። እግሮቹን እያየ «እስቲ… አስብበታለሁ እማ» አለ።

ከአምስት ቀን «ሻይ ልጨምርላችሁ» በኋላ «አስብበታለሁ»! እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አማተበች። ከዚያ ወደ አባዬ መልእክት እንድጽፍላት በምልክት ነገረችኝ፦ «ተዘጋጅ።» አባዬ በዚያው ቅጽበት «ተዘጋጅቻለሁ» ብሎ መለሰ። ስልኩን በእጁ ይዞት ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከእኛ ጋር በእምነት አንድ የሆኑ የሕንድ ኦርቶዶክሶች ቤተክርስቲያን በካርታ አግኝቼ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ሄድን። ወንድሜ አብሮን መውጣቱ ራሱ ለእማዬ ተአምር ነበር። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላው። መጋረጃ አለ። ቋንቋቸው አንድም አይገባንም። እማዬ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ መቼ እንደሚሰገድ ከማንም ሳትጠይቅ እየሰገደች ነበር። በኋላ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኪርያላይሶን» ሲል በክርኗ ጎሰመችኝ። «ሰማሽ? ሰማሽ? የእኛ ነው እኮ!» እንባዋ ይወርዳል። እኔም ደነገጥኩ። ከአቃቂ ስንት ባሕር ተሻግረን መጥተን አንዲት ቃል ቀድማን ደርሳ ስትጠብቀን ማግኘት፣ ምን ልበላችሁ፣ የሆነ ሰው ትከሻዬን የነካኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አሁን ሳስበው በዚያ ጉዞ ደስ ብሎኝ የጸለይኩት ያኔ ብቻ ነው።

ወንድሜ ግን አልገባም። በተከፈተው በር አሻግረን ስናየው ከግቢው አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆሟል። ካፊያ ይጥላል። ጃንጥላ የለውም።

እማዬ እሱን ባየች ጊዜ የሆነችውን መርሳት አልችልም። እኛ ሰፈር ቤተክርስቲያን ውጭ የሚቆም ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ንጹሕ አይደለሁም ያለ፣ ቤቱን የፈራ፣ ደጁን ስሞ ዛፍ ሥር የሚቀር ነው። ውስጥ ከምንገፋፋው ከእኛ ይልቅ እሱ እንደሚሰማ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ ስትነግረኝ የኖረችው። «አየሽ?» አለች፣ «ልጄ ፈርቶ ነው። እግዚአብሔርን ፈርቶ! ሂጂ፣ ጥላውን ስጪውና ግባ በይው። አባት የለም ወይ የሚናዘዝለት በይው።»

ወጣሁ። ባዶ እግሬን ነበርኩ፤ አስፋልቱ ቀዝቅዟል። አጠገቡ ስደርስ አንድ ጆሮው ላይ ኢርፎን አለ።

«ምን እየሰማህ ነው?»

«ምንም። አልከፈትኩትም።»

«እማዬ ግባ ብላሃለች።»

«አልገባም ሚጡ።» ከድሮም ሚጡ ነው የሚለኝ።

«ስለፈራህ ነው አይደል?»

ፊቴን አየኝ። ለመዋሸት እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ፤ ወንድሜ ነዋ። ከዚያ የደከመው መሰለ። «ስሚ፣ አንቺን አልዋሽም። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ሁሉ እጸልይ ነበር። አልሆነም። ከዚያ ተናደድኩ፣ ማተቡን ያኔ ነው የበጠስኩት። አሁን ንዴቱም የለም። ውስጥ ብገባም ግድግዳ ነው፣ እዚህ ብቆምም መንገድ ነው። ምንም አይሰማኝም። ያልገባሁት ጫማ ማውለቅ ሰልችቶኝ ነው።»

«ሙድ እየያዝክ ነው?»

«ብይዝ ደስ ባለኝ።» ጥላውን ከእጄ ወስዶ ዘረጋና መልሶ ለእኔ ያዘልኝ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ሌላ ምንም የላትም።»

ተመልሼ ገባሁ። እማዬ «ምን አለ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ራሴን ነቀነቅኩ። «አልገባም አለ።»

በቃ፣ ያ ነው። እሷ «አላልኩሽም!» ብላ ተንበረከከች፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም አልተነሳችም።

ስንወጣ የቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆማ ለአባዬ ደወለች። «ትኬቱን ተወው» አለችው። «ተወው አልኩህ። ልጄ አልጠፋም። ውጭ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው ነው ያስቀደሰው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ የትም አይወድቅም። አሁን ጎትቼ ወስጄ የሰፈር መተረቻ ከማደርገው እዚሁ ይበርታ፤ እንደገና ተመዝግቦ ይጨርሳል።» አባዬ ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሷ «በዓይኔ አየሁት እያልኩህ!» አለች፤ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ።

አባዬ «ልጄ» አለ። ከኋላው ዝናብ ይሰማል፤ የገላን የቆርቆሮ ላይ ዝናብ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? ደህና ነው?»

ወንድሜ ሦስት እርምጃ ርቆ የባጃጅ ሹፌር ያስቆማል። ዞሮ አየኝ።

«ደህና ነው አባዬ» አልኩ።

የቀሩትን ሦስት ቀናት እማዬ እየዘፈነች ነው ማለት ይቻላል ያሳለፈችው። ገበያ ወጥታ በምልክት ተከራክራ ድስት ገዛች። ስለ መምጣት አንድም ቀን አላነሳችበትም። እሱ ግን አንዳንዴ ሻዩን ይዞ ፊቷን ያያል፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። ጥግ ላይ ቦርሳው ግማሽ ድረስ ልብስ ገብቶበት አየሁ። «የሚታጠብ ነው?» ስለው «አዎ፣ የሚታጠብ ነው» አለ። ኤርፖርት ስንለያይ እማዬ ከራሷ አንገት ማተቧን ፈትታ አሠረችለት። ጎንበስ ብሎ አንገቱን ሰጣት። እሷ በደስታ ሄደች።

ቤት ገባን። ጎረቤቶች «ኢንጂነሩ እንዴት ነው?» ሲሉ እማዬ ስለ ትምህርቱ አታወራም፤ «ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው» ትላለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ በአድናቆት። ፍልሰታው ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ወደ ቤተክርስቲያን ስንሄድ፣ ሁልጊዜ ከሴቶች ፊት የምትቆመው እናቴ ደጁ ላይ ቆመች። «ግቢ እንጂ» ስላት «ልጄ ውጭ ቆሞ እኔ ምን ብዬ እገባለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ውጭ ነው የምትቆመው።

ጥቅምት ላይ ከወንድሜ መልእክት መጣልኝ። ለእኔ ብቻ። ከዩኒቨርሲቲው ስሙ ተሰርዟል፤ ያችን ክፍል ለቅቋል፤ የት እንዳለ አልጻፈም። «አትጠብቁኝ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እማ አንድ ጊዜ ትደግምልኛለች ብዬ ነበር። አስብበታለሁ ያልኩት እሺ ማለት እኮ ነበር ሚጡ። ሰው በአንዴ እሺ ይላል እንዴ?»

አነበብኩት። የደረጃው መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ብርሃን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ልክ ነው። እኛ ቤት ማንም በአንዴ እሺ አይልም። «ብላ» ሲባል «በቃኝ» ይባላል፤ «በሞቴ» ሲባል ነው እጅ የሚዘረጋው። እሱ «በሞቴ» እስክትለው ሦስት ቀን ጠበቀ። እሷ ደግሞ ጎትታ ልታሳፍረው ስላልፈለገች ዝም አለች። በመካከል ሁለቱንም የማውቅ እኔ ነበርኩ። ደወልኩለት። ቁጥሩ አይሠራም። እስካሁን አይሠራም።

ንስሐ ልግባ ብዬ ወደ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለአባዬ «ደህና ነው» ያልኩትን ጭምር። «አባቴ፣ እናቴን ላለማሳዘን ብዬ ነው፤ ይሄም ኃጢአት ነው?» አልኳቸው።

«አሁን አላዘነችም?»

«አላዘነችም።»

«አንቺስ?»

ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። «ንገሪያት» አሉኝ። «በውሸት የቆመ ደስታ ሲወድቅ ባለቤቱን ነው የሚጫን።» ስግደትም ሰጡኝ፤ ስግደቱ ቀላል ነበር።

እማዬ ምስር እየለቀመች አገኘኋት። ተቀመጥኩና መልቀም እያገዝኳት ነገርኳት። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበርና ከጫማው ጀመርኩ፦ «ያኔ ያልገባው ጫማ ማውለቅ ሰልችቶት ነው።» ከዚያ ማተቡን፣ ግድግዳ ነው ያለውን፣ ምንም አይሰማኝም ያለውን። ከዚያ መልእክቱን አነበብኩላት። ከዩኒቨርሲቲ መሰረዙን ስትሰማ እጇ ቆመ። «እሺ ማለት ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ጠጠር የመረጠችበትን ጣቷን እያየች ቀረች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። በእርግጥ እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር።

«ምንም አይሰማኝም አለሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በራሱ አፍ?»

«በራሱ አፍ፣ እማዬ።»

«ያፈረ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

«እማዬ፣ አያምንም እያልኩሽ ነው! እኔ ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ታመጪው ነበር። እኔ ነኝ—»

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ ምን ታውቂያለሽ? በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር።» ድምፅዋ አልተነሳም። «የሚሰማው ነገር ከሌለው ለምን አንዱ ታዛ ሥር ገብቶ አልጠበቀንም? ለምን ቆመ?»

ይህንን እኔም አላውቅም። ባውቅ ለራሴም እነግረው ነበር። ግን ወንድሜን ሰምቼዋለሁ፤ ድምፁ ውስጥ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ለአባዬም ነገርኩት። አባዬ ስልኩን አውጥቶ የማይሠራውን ቁጥር ደወለ፣ ዘጋው፣ እንደገና ደወለ። ለሁለተኛ ጊዜ ሕንድ የሚሄድ ሰው የለም፤ ቢኖርም የት ብሎ ይፈልገዋል?

ባለፈው እሑድም ከአጥሩ ውጭ ቆምን። እማዬን ትቼ መግባት ስለማልችል እኔም አሁን ውጭ ነኝ። ከኋላችን የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ጭቃ ይረጫሉ፣ ረዳቶች «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላሉ፤ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ቆራረጥ እያለ ይደርሰናል። ልጸልይ ሞከርኩ። ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምለምንለት ጠፋኝ። ይመለስ እንዳልል የት እንዳለ አላውቅም፤ ይመን እንዳልል እኔ ራሴ ያኔ ቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ለአባዬ ስመልስ ማንን እንደፈራሁ አላውቅም፤ እግዚአብሔርን ብፈራ ኖሮ እውነቱን እናገር ነበር።

አንዲት የማናውቃት ሴትዮ ልትገባ ስትል እማዬን አይታ ቆመች። «ምነው እናቴ፣ አሞሽ ነው? ውስጥ መቀመጫ አለ እኮ።»

«ደህና ነኝ» አለች እማዬ። «ልጄ በሰው አገር ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው፤ እሱ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዲህ ያለ ልጅ መውለድ መታደል ነው» አለችና ደጁን ስማ ገባች።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ መንገዱን አየሁ።